«አንጠብቅም» ያሉ የስኳር ሕሙማን

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሕመምተኛ ሕመሙን ለሐኪም ሳያፍር እንዲገልጽ ለመምከር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ግን ከዚህ አንድ ርምጃ ራቅ ያለ ነገር ነው። ይኸውም ሕመማቸውን ብቻ ሳይሆን፣ ለሕመማቸው ያገኙትን ዘዴ ጭምር ሳይሸሽጉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ በነፃ ያካፈሉ የስኳር ሕሙማንና ወላጆች ታሪክ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እንዳነብ ያነሣሣኝ በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ የደረሰብኝ ነገር ነው። 5ኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ እያስተማርኩ አንዲት ተማሪ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ጎረሰች። «በትምህርት ሰዓት አይበላም፤ ትፊው!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ዝም ብላ ታየኛለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ ስኳር አለባት እኮ! ወርዶባት ነው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ሰዓት በሐሳቤ የመጣው «ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከረሜላ ይበላል እንዴ?» የሚል ነበር። ደግነቱ ልጅቷ አልሰማችኝም፤ ከረሜላውንም አልተፋችም። ስለ ራሷ ሰውነት እሷ ታውቅ ነበር፤ መምህር ተብዬው እኔ ግን አላውቅም ነበር። የጽሑፌም ፍሬ ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው ጠባይ

ለመሆኑ የስኳር በሽታ ምንድን ነው? የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ በሆዳችን ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። ይህ ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት እንዲገባና ጉልበት እንዲሆን የሚያደርገው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሲሆን፣ ኢንሱሊንን የሚሠራው ደግሞ ቆሽት ነው። ዓይነት 1 በሚባለው የስኳር በሽታ የሰውነት የመከላከያ ኃይል በስሕተት ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ይህ ዓይነቱ በሽታ ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል። ስኳር አብዝቶ በመብላት የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

እስከ 1921 ድረስ በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። በዚያ ዓመት በካናዳ አገር በቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ለይተው ለማውጣት ቻሉ። በጥር ወር 1922 አንድ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተሰጠውና ከሞት ተረፈ። የፈጠራው ባለመብት ሆነው የተመዘገቡት ተመራማሪዎች መብታቸውን ለዩኒቨርስቲው ያስተላለፉት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ብቻ ነበር። ታሪኩ ከመጀመሪያውም የማካፈል ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ኢንሱሊን ተገኘ ማለት ችግሩ አለቀ ማለት አልነበረም። መጠኑ ካነሰ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማችና ከጊዜ ብዛት ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። መጠኑ ከበዛ ደግሞ ስኳሩ ይወርዳል፤ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን መንቀጥቀጥ፣ ላብና ግራ መጋባት ይመጣል፤ ካልታረመም ራስን ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ጤነኛ ቆሽት ሳናውቀው የሚሠራልንን ሥራ ሕመምተኛው በራሱ ጭንቅላት እያሰላ ቀኑን ሙሉ ሊሠራው ይገደዳል።

ነገሩን በእንጀራ ጋገራ ብንመስለው ይገባናል። ምጣዱ ገና አልጋለም ብላ እንጨት የምትጨምር ጋጋሪ፣ ቀድሞ የማገደችው ገና እየተያያዘ መሆኑን ከረሳች፣ ቆይቶ ምጣዱ ከመጠን በላይ ይግልና እንጀራው ያርርባታል። እንጨቱን ብታወጣውም ምጣዱ ወዲያው አይበርድም። ከቆዳ ሥር የተወጋ ኢንሱሊንም ጠባዩ ይኸው ነው። ወዲያው አይሠራም፤ መሥራት ከጀመረም በኋላ ለሰዓታት ይቆያል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «አሁን ስኳሩ ስንት ነው?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ቀድሞ የገባው ኢንሱሊን ምን ያህሉ ገና ሥራ ላይ ነው?» የሚለውም መታወቅ አለበት። ታዲያ ሰውየው ሲበላ፣ ሲሮጥ፣ ፈተና ሲቀመጥ ይህን ሁሉ ያስላ እንበል። ሌሊት ተኝቶ ሳለስ ማን ያስላለት?

መለኪያውን ወደ ቤታቸው ያስገቡት ሕመምተኛ

አሜሪካዊው ሪቻርድ በርንስታይን በ1946 በ12 ዓመታቸው የስኳር በሽታ ያዛቸው። ሙያቸው ምሕንድስና ነበር። ወደ ጎልማሳነት ሲደርሱ በሽታው ሰውነታቸውን ይጎዳው ጀመር። በዚያን ዘመን ሕመምተኛ የደም ስኳሩን የሚያውቀው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ብቻ ነበር።

በ1969 በርንስታይን የደም ስኳርን በጥቂት ደቂቃ የሚለካ አዲስ መሣሪያ መሠራቱን አነበቡ። ዋጋው 650 ዶላር ያህል ሲሆን የተዘጋጀው ለሆስፒታሎች ነበር። ለሕመምተኛ አይሸጥም። ባለቤታቸው ግን ሐኪም ስለነበሩ በእሳቸው ስም ታዝዞ መጣ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ ራሳቸውን እንደ ሙከራ ጣቢያ ቆጠሩ። በቀን ደጋግመው ደማቸውን እየለኩ፣ የበሉትንና የወጉትን ኢንሱሊን እየመዘገቡ፣ የስኳሩን መውጣትና መውረድ አስተካከሉ። ጤናቸውም ተሻሻለ።

ይህን ለሕክምና መጽሔቶች ጽፈው ቢልኩ ተቀባይ አላገኙም። ሐኪም አይደሉማ! እሳቸውስ ምን አደረጉ? በ45 ዓመታቸው ሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው ሐኪም ሆኑ። እስከ 2025 ኖረው በ90 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ በቤቱ መለካቱ ማንም የማይደነቅበት ተራ ነገር ሆኗል። ያን ጊዜ ግን «ሕመምተኛ ይህን ማወቅ ምን ያደርግለታል?» የሚባልበት ነገር ነበር።

አባት፣ ልጅና ትምህርት ቤት

ጊዜው ወደ ፊት ሄደ። ጣት መውጋቱ ሳይቀር፣ ከቆዳ ሥር የምትገባ ቀጭን ሽቦ ያለው ሴንሰር የሚባል መሣሪያ መጣ። ይህ ሴንሰር በየ5 ደቂቃው የስኳሩን መጠን እየለካ በራዲዮ ሞገድ ወደ አንዲት ትንሽ መቀበያ ይልካል። ችግሩ መቀበያዋ ከሕመምተኛው ጥቂት ሜትር መራቅ አለመቻሏ ነው።

በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር የሚኖረው መሐንዲስ ጆን ኮስቲክ በ2012 የ4 ዓመት ልጁ በዓይነት 1 ስኳር ታመመበት። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ቁጥሩ ከልጁ ጋር ይውላል፤ አባት ግን ሥራ ቦታው ላይ ሆኖ ምንም አያውቅም። ልጁ ደግሞ ገና ሕፃን ስለሆነ «ወረደብኝ» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ በ2013 አባትየው ቁጥሩን ከመቀበያዋ አውጥቶ በኢንተርኔት የሚልክ ፕሮግራም ራሱ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ የልጁን ስኳር ከሥራ ቦታው ሆኖ ማየት ቻለ።

ይህን ያዩ ሌሎች ወላጆች «ለእኛም ስጠን» አሉ። እሱም ሰጠ። ሌሎች ፕሮግራም አዋቂዎች ተጨመሩበትና ናይትስካውት የሚባል ሥራ ሆነ፤ ይህም የሌሊት ጠባቂ እንደ ማለት ነው። በ2014 ኮዱ ማንም እንዲያየው በይፋ ተለቀቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ተጠቀሙበት። በኅዳር ወር 2013 በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ በተደረገ የስኳር ሕሙማንና የመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ የወጣው «አንጠብቅም» የሚለው ቃል የዚህ እንቅስቃሴ መፈክር ሆኖ ቀረ። ትርጉሙም «ፋብሪካ እስኪያመርትልን፣ ቢሮ እስኪፈቅድልን ድረስ ልጆቻችን ሌሊት ሌሊት ሊያመልጡን ነው፤ ስለዚህ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም» ማለት ነው።

ደወሉን ያልሰማችው ወጣት

በዚያው ዘመን በሲያትል ከተማ ዳና ሉዊስ የተባለች ወጣት ነበረች። ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ዓይነት 1 ስኳር አለባት። የምትኖረው ብቻዋን ነው። ሴንሰሯ ስኳሩ ሲወርድ ደወል ያሰማል፤ ነገር ግን እንቅልፏ ከባድ ስለሆነ ድምፁ አይቀሰቅሳትም። «አንድ ቀን ሳልነቃ ብቀርስ?» የሚል ፍርሃት ነበረባት። መቼም በሌሊት ብቻውን ታሞ የሚያውቅ ሰው ይህ ፍርሃት ይገባዋል።

ዳና ሉዊስ ሙያዋ የሕዝብ ግንኙነት እንጂ ምሕንድስና አልነበረም። በ2013 የጆን ኮስቲክን ዘዴ አገኘችና ከስኮት ሊብራንድ ጋር ሆና የሴንሰሩን ቁጥር ወደ ስልኳ አዛውራ ደወሉን የፈለገችውን ያህል ከፍ አደረገችው። ከዚያም ስኳሩ ከወረደ በኋላ ከመጮህ ይልቅ ሊወርድ መሆኑን አስቀድሞ የሚተነብይ ስሌት ጨመሩበት። ለዚህም ስሌት ከላይ በምጣዱ ምሳሌ ያየነውን፣ ማለትም ቀድሞ የገባው ኢንሱሊን ገና ምን ያህል ሥራ እንደሚቀረው ማስላት ነበረባቸው።

የቀረው ሦስተኛው ዕቃ ፓምፑ ነው። የኢንሱሊን ፓምፕ በወገብ የሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ሲሆን በቀጭን ቱቦ አማካይነት ከቆዳ ሥር ኢንሱሊንን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥባል። ራሱ የስኳር ሕመምተኛ የሆነው ፕሮግራም አዋቂ ቤን ዌስት፣ ሜድትሮኒክ የተባለው ፋብሪካ የሠራቸው የቆዩ ፓምፖች በራዲዮ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ለዓመታት ሲፈታ ቆይቶ ነበር። የሁለቱ ወገኖች ሥራ ሲገናኝ፣ በታኅሣሥ ወር 2014 ሴንሰሩ፣ መዳፍ የምታህለው ኮምፒዩተርና ፓምፑ ተያያዙ። በየ5 ደቂቃው ሴንሰሩ ይለካል፤ ኮምፒዩተሯ ታሰላለች፤ ፓምፑ ኢንሱሊኑን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በሰው እጅ የተሠራ ቆሽት ማለት ይኸው ነው። ዳና ሉዊስም ያለ ስጋት ተኛች።

በየካቲት ወር 2015 እነ ዳና ሥራውን ኦፕን ኤ.ፒ.ኤስ. ብለው ሰይመው ንድፉን፣ ስሌቱንና የአሠራር መመሪያውን በሙሉ ለሕዝብ ለቀቁት። ይህን የመሰለ የፋብሪካ መሣሪያ በአሜሪካ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው በመስከረም ወር 2016 ነው። ሕሙማኑ ቀድመው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሉፕና አንድሮይድ ኤ.ፒ.ኤስ. የተባሉ፣ በስልክ የሚሠሩ ሌሎች ነፃ ፕሮግራሞችም በዚሁ መንገድ ተሠርተዋል።

ምንጩ ክፍት ነው ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ መምህራን የሒሳብ ፈተና ስንሰጥ ተማሪውን «መልሱን ብቻ አትጻፍ፤ አሠራሩን አሳይ» እንለዋለን። ለምን? መልሱ ብቻ ከተጻፈ ልጁ የት ላይ እንደተሳሳተ አናውቅም፤ በአጋጣሚ ትክክል ሆኖም ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ከታየ ግን መምህሩ ያርመዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠውም ይማርበታል።

ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ማለትም አሠራሩን የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። በፋብሪካ ተዘግቶ የሚመጣ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ መልሱን ብቻ ይነግረናል። «2 ዩኒት ስጥ» ይላል፤ ለምን 2 እንዳለ ግን አይገልጽም። እነዚህ ሕሙማን የጻፉት ስሌት ግን መሥመር በመሥመር የተገለጸ ነው። በአንድ አገር ያለች እናት ስሕተት ብታገኝ ትጠቁማለች፤ በሌላ አገር ያለ ፕሮግራም አዋቂ ያርማል፤ እርማቱም ለሁሉም ይደርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በትክክል ለዚህ ሥራ የሚስማማ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መሣሪያውን ሠርተው ለሌላ ሰው አላደሉም። የሕክምና መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማከፋፈል በሕግ ያስጠይቃል። ያካፈሉት ዕውቀቱን ነው። እያንዳንዱ ሰው መመሪያውን አንብቦ፣ ገብቶት፣ በራሱ ኃላፊነት ለራሱ ይሠራል። ለጥንቃቄም ሲባል ኦፕን ኤ.ፒ.ኤስ. ለፓምፑ የሚሰጠው ትእዛዝ የሚቆየው ለ30 ደቂቃ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር የተነደፈው። ኮምፒዩተሯ ብትበላሽ ወይም ባትሪ ብታልቅ፣ ፓምፑ ሐኪሙ ወደወሰነለት የቀድሞ መጠን በራሱ ይመለሳል።

«አደጋ የለውም ወይ?»

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ኧረ ተው! ሰው እንዴት በራሱ ላይ መድኃኒት የሚሰጥ ማሽን ቤቱ ይሠራል?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ሊታለፍም አይገባውም።

በመጀመሪያ፣ አደጋ ደርሷል። በግንቦት ወር 2019 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ አንድ ሕመምተኛ ባልተፈቀደ መንገድ በተያያዙ መሣሪያዎች ምክንያት ከመጠን በላይ ኢንሱሊን ገብቶበት ሕክምና እንዳስፈለገው ገልጾ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሰኔ ወር 2019 ደግሞ የቆዩት የሜድትሮኒክ ፓምፖች የራዲዮ ግንኙነታቸው በሚገባ የተቆለፈ ስላልሆነ ሌላ ሰው ሊያዛቸው ይችላል ተብሎ እንዲመለሱ ጥሪ ተደረገ። ነገሩ የሚገርም ነው፤ ሕሙማኑ የገቡት በዚያው ባልተቆለፈው በር ነበር። አንድ በር ለባለቤቱም ለሌባውም ይከፈታል።

በሁለተኛ ደረጃ ግን፣ ሕሙማኑ «እመኑን» ብለው አልቀሩም። ሥራቸው በሳይንስ ሚዛን እንዲመዘን ፈቀዱ። በኒው ዚላንድ አገር 97 ሰዎች፣ ማለትም 48 ልጆችና 49 አዋቂዎች፣ ለ24 ሳምንት የተሳተፉበት ጥናት ተደረገና ውጤቱ በ2022 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ክፍት የሆነውን ፕሮግራም የተጠቀሙት ሰዎች ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 ባለው ደኅና መጠን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከ61 በመቶ ገደማ ወደ 71 በመቶ ከፍ አለ። ሴንሰርና ፓምፕ እያላቸው ፕሮግራሙን ያልተጠቀሙት ግን ከ58 ወደ 55 በመቶ ገደማ ዝቅ አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰዓት ሲሰላ በየቀኑ 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው። በሁለቱም ወገን ራስን እስከ መሳት የደረሰ የስኳር መውረድ አልታየም።

በመጨረሻም በጥር ወር 2023 ታይድፑል የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ በበጎ ፈቃደኞች ከተጻፈው ከሉፕ ተነሥቶ ያዘጋጀው ፕሮግራም ከዚያው ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። «አንጠብቅም» ብለው የጀመሩት ሥራ በሕጉ በር ገባ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ችኮላና ጥንቃቄ ሁልጊዜ ጠላቶች አለመሆናቸውን ነው። አሠራሩን ያሳየ ሰው ለመመርመርም ራሱን አዘጋጅቷል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይሆነናል?

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የሠለጠነ አገር ወሬ ነው፤ እኛ ዘንድ ፓምፕ የት አለ?» ሊል ይችላል። እውነት ነው። በአገራችን አብዛኛው ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ዛሬም የሚጠቀመው ሲሪንጅ ነው። ሴንሰር በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መቀየር ያለበት ውድ ዕቃ ነው። የትኛውም ፕሮግራም ቢሆን ኢንሱሊኑ ራሱ ከሌለ ምንም አይሠራም። ይህን መሸፋፈን አይገባም።

ሆኖም ሕሙማን ዘዴ የሚፈጥሩት በኮምፒዩተር ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል። በሞቃት አገሮች መብራትና ማቀዝቀዣ የሌላቸው ቤተሰቦች ኢንሱሊናቸውን በውሃ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ያቆያሉ። በገንቦ ያለ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ትነት ስናስተምር የምንናገረው እኮ ይኸው ነው! ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ወደ ሙያችን ስንመለስ፣ ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት የስኳር ሕመም ያለበት ተማሪ ሊያጋጥመን ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ብናውቅ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ተማሪው ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ነገር ቢጠፋበት ወይም ያለ ጠባዩ ቢቆጣ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ ወይም ለስላሳ መጠጥ መስጠት ነው። ብቻውን ወደ ቤት መስደድ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይጨምሩ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃ ልጠጣ፣ ሽንት ቤት ልሂድ፣ ትንሽ ልቅመስ ሲል አለመከልከል ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ልጁን ማዳመጥ ነው። በርንስታይንን መጽሔቶቹ አላዳመጧቸውም፤ የዳና ሉዊስ ደወልም እሷን አያዳምጥም ነበር። እኔም ያቺን የ5ኛ ክፍል ተማሪ አላዳመጥኳትም።

በማግሥቱ ልጅቷን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ከቦርሳዋ አንድ የተጣጠፈ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። በማስመሪያ ተሰምሯል። ቀን፣ ሰዓት፣ የተለካው ስኳር፣ የበላችው ምግብ፣ የተወጋችው መጠን በየረድፉ ተጽፏል። አንዳንዱ ቁጥር ሥር ቀይ ሠረዝ አለበት። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «እዚህ ጋ ተሳስቼ ነበር ቲቸር፤ ስፖርት እንዳለን ረስቼ» አለችኝ። እኔ አሠራሩን አሳዩ እያልኩ ሳስተምር፣ አሠራሩን ከነስሕተቱ አሳምሮ የጻፈው ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።